ከደምቢያ ሜዳ ወደ ስሜን አፋፍ



ስለ ተራራ መንገድ እንድናገር መጠራቴን የሰማ አንድ የጎንደር ወዳጄ «ደምቢያ ወርደህ ስለ ገደል ልታወራ ነው? እዚያ እኮ ከፍ ያለ ነገር ቢኖር የጤፍ ክምር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቀልዱን ይዤላችሁ መጣሁ እንጂ አልተቀበልኩትም። ከዚህ ከኮላ ድባ ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጠዋት የደምቢያን ዋልካ ረግጦ የተነሳ ሰው ማታ 3,000 ሜትር አካባቢ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ሊሞቅ ይችላል። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ ከመካከላችን ስሜንን በእግሩ ያየ ስንት ነው? እጅ አታውጡ፤ ማንንም ለማሳፈር አልመጣሁም። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው ለዚህ ነው።

የሩቁ ሰው ግን ጠበልነቱን አውቆለታል። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን በ1978 እ.ኤ.አ. ሲከፍት መጀመሪያ ከጻፋቸው 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የስሜን ተራሮች። የፋሲል ግቢ እንኳ የገባው በዓመቱ ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሥራውን እንዲያስጀምር ክላይቭ ኒኮል የሚባል የዌልስ ተወላጅ ተቀጥሮ ነበር። ሰውየው ሁለት ዓመት ያህል ስሜን ላይ ከርሞ መጽሐፍ ጻፈ፤ በኋላም ጃፓን ገብቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ የታወቀ ደራሲ ሆኖ እዚያው አረፈ። ጃፓን ውስጥ የስሜንን ስም ከእሱ ብዕር የሰሙ ሰዎች እንዳሉ አልጠራጠርም።

እኛ ስለ ስሜን ይዘን ያደግነው ቁጥር ነው። «የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ማን ይባላል? ቁመቱስ?» መልሱን በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ራስ ደጀን፣ 4,620 ትላላችሁ፤ እንደዚያ ነበር የምንማረው። በኋላ የመጡ ልኬቶች ዝቅ አድርገውታል፤ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ሜትር ነው። ቁጥሩ ሰባ ሜትር ሲቀነስ ተራራው አልሰማም። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ ቁጥሩ አይደለም፤ ወደዚያ ስለሚወስደው መንገድ ነው። ይህን መንገድ ማን አወጣው?

የስሜንን የእግር መንገዶች ቱሪስት አላወጣቸውም። መንግሥትም አልቀየሳቸውም። ዛሬ በካርታ ላይ በቀይ መስመር ተሥለው «አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን» የሚባሉት ሁሉ ገብስ የጫነ አህያ እየተነዳ ገበያ የሚወጣባቸው፣ ታቦት የሚነግሥበት ደብር የሚኬድባቸው፣ ለቅሶ የሚደረስባቸው፣ ሙሽራ በበቅሎ የሚመጣባቸው መንገዶች ናቸው። የአገሩ ሰው ዘመናት ሙሉ እግሩን እያማከረ መርጧቸዋል። ለዚህ ነው ከባዱ አቀበት ላይ መንገዱ ሳይታሰብ ዞር ብሎ ቀለል የሚለው። ከእኛ በፊት ጭነት የያዘ ሰው ሄዶበታላ!

ጦርም ሄዶበታል። በዚሁ በደምቢያ ከእቴጌ መነን ሠራዊት ጋር ተዋግቶ ስሙን የተከለው ካሳ ኃይሉ መጨረሻ ላይ የቀረውን ባላንጣ፣ ደጃዝማች ውቤን፣ ለመግጠም ስሜን መውጣት ነበረበት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል አደረገ፤ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው ቀን ገደማ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ደረስጌ ዛሬ በጃናሞራ ወረዳ ነው። በቋራ ቆላና በደምቢያ ሜዳ ላይ ያደገ ሠራዊት ያንን ብርድና ያንን አቀበት እንዴት ቻለው እያልኩ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነቱ ብዙ ሲሉ ስለ ትንፋሽ ማጠሩ ምንም አይሉንም።

እንግዲህ መንገዱን እንጀምር።

መነሻው ደባርቅ ነው፤ ከፍታው 2,850 ሜትር። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ አለ። መግቢያ ትከፍላላችሁ፤ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፤ ዕቃ የሚጭኑት ባለ በቅሎዎች በተራ ይጠራሉ። ይህ የጭነት ሰዓት ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የማይዘለል ክፍል ነው። ባለ በቅሎው ጓዛችሁን መሬት ላይ ዘርግቶ በዓይኑ ይመዝነዋል። ከዚያ በሁለት እጁ እያነሳ ግራና ቀኙን ያስተካክላል፤ ሽሮና ጎመን ዘር የያዘው ማዳበሪያ በአንድ ወገን፣ ድንኳኑ በሌላው። በቅሎዋ ሆዷን ነፍታ እንደምትቆም ያውቃልና መጫኛውን አንዴ አጥብቆ ይጠብቃታል፤ እስክትተነፍስ። ስትተነፍስ ጉልበቱን ጎኗ ላይ አስደግፎ እንደገና ይስበዋል። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው ጭነቱን ከመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሲለቅም ይውላል። እንግሊዝኛ የማይናገረው ይህ ሰው ስለ መንገዱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሚከፈለው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። ይህን ለማስተካከል ሕግ አያስፈልግም፤ መጨረሻ ላይ ኪስ ውስጥ እጅ ማስገባት ይበቃል።

ከደባርቅ በቡይት ራስ በኩል ሳንቃ በር ይደረሳል፤ 3,250 ሜትር። ከሳንቃ በር በማግስቱ ወደ ግጭ ነው። በመካከሉ የጅንባር ፏፏቴ አለ፤ ውኃው ወደ 500 ሜትር ገደማ ወርዶ ገደሉ ውስጥ ይገባል። ክረምቱ እንደወጣ ካልሄዳችሁ በቀር ውኃው ሥር ሳይደርስ በነፋስ የሚበተንበት ጊዜ ይበዛል፤ በጋ ሲጠነክርማ ክር ይሆናል። ፏፏቴ ለማየት ብሎ በመጋቢት የሚሄድ ሰው ቅሬታውን ለራሱ ያቅርብ።

የጅንባርን ወንዝ ተሻግራችሁ አቀበቱን ስትጨርሱ ግጭ ላይ ትወጣላችሁ፤ 3,600 ሜትር። ጓሳ ሣር የሞላው ሰፊ ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። አንድ ጅብራ አድጎ ለማበብ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ አንዴ ካበበ በኋላ ይደርቃል። ከግጭ ጠዋት ተነስቶ እመት ጎጎ የሚወጣ ሰው 3,926 ሜትር ላይ ይቆማል። በሦስት ወገን ገደል ነው። ከሥር የሚታየው ቆላ፣ አንድ ላይ ተጠጋግተው የቆሙት አምባዎች፣ ሰማያዊ ጉም የሞላባቸው ሸለቆዎች... እዚህ ላይ ቃል ማባከን አልፈልግም። ሄዳችሁ እዩት።

እኔ በበኩሌ በስሜን ውስጥ ከሁሉ የምመርጠው ከእመት ጎጎ አፋፍ አፋፉን ይዞ በእናትየ በኩል ጨነቅ የሚያወርደውን መንገድ ነው። እናትየ 4,070 ሜትር ነው፤ ጨነቅ 3,620። ቀኑን ሙሉ ግራችሁ ገደል ነው፤ አንዳንዱ ቦታ 1,000 ሜትር፣ ሌላው 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ገደል የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ እየፈላ ወጥቶ በተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ድርብርቡ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሠራው ውኃ ነው፤ የተከዜ ገባሮች ዛሬም እየሠሩት ነው።

ጭላዳዎቹን የምታገኟቸውም በዚህ መንገድ ላይ ነው። ሌሊቱን በገደሉ ወገብ ላይ ባሉ ድርብ ቋጥኞች ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል አንድ በአንድ አፋፉ ላይ ብቅ ይላሉ። ተቀምጠው ነው የሚበሉት። ሁለቱም እጆቻቸው ሣሩን እየነጩ መዳፍ ሲሞላ ወደ አፍ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ሳይነሱ በመቀመጫቸው ተንሸራተው ወደ ቀጣዩ ሣር። ትልቁ ወንድ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ጎፈሩን ነፋስ ሲመታው ያምራል። ዝንጀሮ ብለው የሚጠሯቸው አሉ፤ ዘራቸው ለየት ያለ ነው፣ የሚኖሩትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በመካከላቸው ብትቀመጡ አይሸሹም። ምግብ እንዳትሰጧቸው ግን አደራ፤ እንጀራ የለመደ ጭላዳ የሰው ገብስ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጠቡ ከገበሬው ጋር ነው።

ስለ ግጭ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ሜዳው ላይ በሙስሊም ገበሬዎች የተሞላ የቆየ መንደር ነበረ። ከ400 በላይ አባወራዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከብቱ ጓሳውን ጨርሶት ነበር፤ ዩኔስኮም ፓርኩን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ብሎ መዝግቦት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ሣሩ ተመልሷል፤ ይህን ያየ ሰው መካድ አይችልም። ነገር ግን ያ መንገድ የግጭ ሰው መንገድ ነበር። ትናንት ቡና እየተፈላ «ግቡ» ይባልበት የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ የቀረው ምልክት ብቻ ነው። ተራራውን ማዳን ይገባ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ተነሺዎቹ የከፈሉትን ዋጋ ግን ጓሳው አብቅሎ አይሸፍነውም።

ከጨነቅ ወዲያ ያለው ራስ ደጀን ለመድረስ የቆረጠ ሰው መንገድ ነው። ጨነቅ ላይ ዋልያ ሳታዩ እንዳትሄዱ፤ ጠዋትና ማታ ገደሉ ጫፍ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ የቧሂትን በር ወጥታችሁ 4,200 ሜትር ላይ ትደርሳላችሁ፤ የቧሂት ራስ ራሱ ከ4,400 ያልፋል። ከበሩ በኋላ በጭሮ ለባ አድርጎ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁለት ነው፤ ወንዙ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በጠዋት ላብ ያፈሰሳችሁበትን ሁሉ ትመልሳላችሁ፣ ከዚያም በላይ። ወንዙን ተሻግሮ አምቢቆ ይታደራል፤ 3,200። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት፣ ያንኑ መውረድ። የመጨረሻዋ ቁራጭ በእጅም በእግርም ናት፤ ድንጋይ ተይዞ ነው የሚወጣው።

ጫፉ ላይ ምን አለ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዕይታው ከእመት ጎጎ አይበልጥም። ራስ ደጀን ሰፊ ከፍታ ላይ የተቀመጠ የድንጋይ ጉብታ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ራሶች በቁመት ስለሚቀራረቡት የትኛው እንደሚበልጥ በዓይን አትለዩም። ሰው የሚሄድለት «ወጣሁት» ለማለት ነው። ያም ቢሆን ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ራስ ደጀንን ትቶ አፋፉን ቢሄድ ያተርፋል ባይ ነኝ። በነገራችን ላይ በጽሑፍ የታወቀው የመጀመሪያ መውጣት በ1841 እ.ኤ.አ. ፌሬና ጋሊኒየ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ያደረጉት ነው። «በጽሑፍ» የምለው ሆን ብዬ ነው። ከእነሱ በፊት በግ ፍለጋ የወጣ እረኛ ማስታወሻ አልያዘም።

አሁን ወደ እናንተ ሳንባ ልምጣ። የጣና ውኃ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኮላ ድባ ከዚያ ብዙም አትርቅም። ራስ ደጀን ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ እዚህ ካለው ከ15 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ጨነቅ ላይ በጀሪካን ያደረ ውኃ ሊረጋ ይችላል።

የስሜን ሰውስ እንዴት ቻለው? በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል፤ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል። የቲቤት ሰው ደሙ ሳይወፍር በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያነሰ ነው። የአምባራስ ሰው ግን ሁለቱም ልኬቶቹ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሦስተኛ መንገድ ብለው መዘገቡት። ተራራው ላይ ያለ የአክስታችሁ ልጅ እንደዚያ ሆኖ ቢሮጥ እናንተም ትሮጣላችሁ ማለት ግን አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሲመጣ ጉልበተኛነት አያድንም፤ ሐኪሞች የሚሉት ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል ነው። ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ በሌሊትም ቢሆን።

የድሮውን መንገድ በዚህ ሚዛን እዩት እስቲ። ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። በእግር የሄደ ሰው ሳያውቀው የሐኪሙን ትእዛዝ ፈጽሟል። የሚቸገረው በመኪና የሄደው ነው፤ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው የመኪና መንገድ ፓርኩን አቋርጦ ስለሚያልፍ በአንድ ቀን ጨነቅ ይደርሳል፣ በማግስቱ ቧሂት ይወጣል፣ ማታ ራሱን ይይዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወጣቶቹ በገመድና በመንጠቆ ስለሚወጣው የስፖርት ዓይነት እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ስሜን ለእሱ አይመችም፤ ድንጋዩ ይፈረካከሳል፣ የያዛችሁት ይዟችሁ ይወርዳል። የዚህ ስፖርት ሰዎች አገራችን ሲመጡ የሚሄዱት ትግራይ ገርዓልታ፣ ጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ወዳለበት ነው። በገመድ መውጣትስ ለእኛ አዲስ ነው? ደብረ ዳሞ መነኮሳቱና ተሳላሚው በጠፍር ተስበው ሲወጡ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆነ።

ብዙ ሰው የማይሄድበትን፣ ለቆላ ሰው ግን የሚስማማውን ሌላ መንገድ ልጥቀስ። ከጨነቅ ወደ ሰሜን፣ ገደሉን ወርዶ፣ በሶና፣ በመቃረብያና በሙሊት አድርጎ አዲ አርቃይ የሚያወጣው ነው። ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ያያችኋቸው አምባዎች እዚህ ሽቅብ ይታያሉ። በየቀኑ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ ማሽላ ይመጣል። መጨረሻ ላይ አዲ አርቃይ አስፋልት ላይ ቆማችሁ፣ በጣሊያን ዘመን በተጠረበው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሽቅብ ወደ ደባርቅ ትመለሳላችሁ፤ በእግር አራት ቀን የወረዳችሁትን መኪናው በሰዓታት ይወጣዋል።

ያለፉት ዓመታት ለዚህ መንገድ ደግ አልነበሩም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተነሳው እሳት ጓሳውንና የአስታውን ዛፍ በላ፤ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ሲታገል ሰንብቶ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስከ መምጣት ደረሰ። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኙ፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ የክልላችን ግጭት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ200 በታች ይገመት የነበረው ዋልያ ወደ 900 ገደማ አድጎ ነበር፤ አሁን እንደገና አሽቆልቁሏል። እንግዳ ሲቀር ባለ በቅሎው በቅሎውን ይሸጣል፤ አስጎብኚው ከተማ ይወርዳል። ዋልያን የሚጠብቀው ስካውት ብቻ ይመስላችኋል፤ ከዋልያው እንጀራ የሚበላ መንደርም ይጠብቀዋል። የሩቁ እንግዳ በማይመጣበት ጊዜ ደግሞ የቅርቡ ሊመጣ ይገባ ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከኮላ ድባ ትምህርት ቤቶች አንድ አውቶቡስ ተማሪ ሳንቃ በር ቢያድር፣ ለደባርቅ ባለ በቅሎዎች ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዝግጅቱ ሩቅ አትሂዱ። ከዚህ በጯሂት አድርጋችሁ ጎርጎራ ድረስ በእግር ሂዱ፤ ሜዳ ነው፣ ግን እግር ይፈትሻል፣ መጨረሻው ላይ ጣና አለ። ወሩን ከጥቅምት እስከ የካቲት ምረጡ። በሶና ቆሎ ያዙ፤ ከፍታ ላይ ወጥ ለማብሰል እንጨት ፍለጋ መግባት አስታውን መጨረስ ነው።

ስገባ በር ላይ አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ በኮንጎ ጫማ ይወጣል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የጃናሞራ ልጅ በኮንጎ ጫማ፣ በበረባሶም፣ በባዶ እግሩም ይወጣል። አንተ ግን ከዋልካ ነው የመጣኸው፤ ቁርጭምጭሚትህ ጭንጫ አያውቅም። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ያልተላጠ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አድርገህ የለመድከው ጫማ ይሁን። አዲስ ጫማ ተጫምተህ ደባርቅ እንዳትደርስ፤ የጅንባርን አቀበት ሳትጨርስ ተረከዝህ ይላጣል። ኮንጎውን በከረጢት ያዘው፤ ማታ ካምፕ ውስጥ ይጠቅማል።

ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ከኋላ ያላችሁት ጮክ በሉ።